«ከሰሎሞን የሚበልጥ ከዚህ አለ»፦ የጥበብ መጻሕፍት ክርስቶስን የሚመሰክሩበት መንገድ

(በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ቁጥር 42 ጌታችን ያነሣት ንግሥት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለችም። ንግሥተ አዜብ የሰሎሞንን ጥበብ ለመስማት ከምድር ዳር እንደ መጣች ከተናገረ በኋላ «እነሆም፥ ከሰሎሞን የሚበልጥ ከዚህ አለ» ይላል። የክብረ ነገሥትን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች በዚህ ቃል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ንግሥቲቱን ነው፤ ዛሬ ግን ሐሳባችንን በሰሎሞን ላይ እንድናሳርፍ እለምናችኋለሁ። ክርስቶስ ከሰሎሞን የሚበልጥ ከሆነ፣ በሰሎሞን ስም የሚጠሩት የጥበብ መጻሕፍት፣ እነ ምሳሌና መክብብ፣ ዘመዶቻቸው እነ ሲራክም ስለ እርሱ ይናገራሉ ወይ? ይናገራሉ ከተባለስ የሚናገሩት እንደ ነቢያት የሚመጣውን አስቀድመው በማሳወቅ ነው፣ ወይስ በሌላ መንገድ?

ጥያቄው የመምህራን ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ወንጌላዊውና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ቡናውንም፣ ሐዘኑንም፣ የሃይማኖት ጭውውቱንም ይካፈላሉ። በእንዲህ ያለው ጭውውት ውስጥ ከመጽሐፈ ምሳሌ አንዲት ቁጥር መዝዞ «ይኸው፣ ስለ ክርስቶስ ተተንብዮአል» የሚል ሰው አለ፤ ያችኑ ቁጥር ይዞ «ይኸው፣ ፍጡር መሆኑ ተጽፎአል» ብሎ የሚመልስም አለ። ሁለቱ በመልሱ ቢለያዩም ጥቅሱን የሚይዙት በአንድ ዓይነት እጅ ነው፤ ቁጥሩ ከየት እንደ ተነሣ፣ ለማን እንደ ተነገረ፣ ምን ሊመክር እንደ መጣ አይጠይቁም። እኔ የማምነውን አስቀድሜ ልናገር፦ የጥበብ መጻሕፍት ክርስቶስን በእውነት ይመሰክራሉ፤ የሚመሰክሩት ግን ምክርነታቸው ተጠብቆ ሲነበቡ እንጂ ምክራቸው ተገፍቶ ስውር ትንቢት ሲደረጉ አይደለም።

የዕብራውያን የጥበብ ቃል በመሠረቱ አባት ለልጁ፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ የሚሰጠው ምክር ነው። «ልጄ ሆይ» ብሎ ይጀምራል፤ ስለ አንደበት፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ስለ ስንፍናና ስለ ንጉሥ ማዕድ ይናገራል። በምሳሌ 25፥1 እንደ ተጻፈው ከፊሉን የሕዝቅያስ ሰዎች ቀድተው አኑረውታል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚያ በፊት ያለውን «ምሳሌ»፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን «ተግሣጽ» ብላ በሁለት መጽሐፍ ትቆጥረዋለች። ከምዕራፍ 22፥17 ጀምሮ እስከ ምዕራፍ 24፥22 ያለው ክፍል ደግሞ የአሜንኤሞፔ ምክር ከሚባለው የጥንት ግብፅ ጽሑፍ ጋር ዝምድና እንዳለው ጀርመናዊው ሊቅ አዶልፍ ኤርማን በ1924 እ.ኤ.አ. ካሳየ ወዲህ በምሁራን ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነገር ሆኗል። ይህ ለእምነት አደጋ የሚመስላቸው አሉ፤ ለእኔ ግን ስለ ጥበብ ቃል ጠባይ ትልቅ ነገር ያስተምረኛል፤ ጥበብ ከጎረቤት ጋር መነጋገር የሚያስችል ቋንቋ ነውና። እዚህ ሐረርጌ ውስጥ ያለ ሙስሊም ጎረቤታችን በቁርኣን 31ኛው ሱራ ሉቅማን ልጁን «ልጄ ሆይ» እያለ ሲመክር ያነባል፤ ከቁርኣን ተርጓሚዎችም ሉቅማን ሐበሻ ነበር የሚል ዘገባ ያቆዩ አሉ። ስለዚህ የምሳሌን መጽሐፍ ስንከፍትለት እንግዳ ነገር አናሰማውም።

የምሳሌ ቃል በመጀመሪያ ራሱን ይላል። «ብልህ ሰው ክፉን አይቶ ይሸሸጋል፤ አላዋቂዎች ግን አልፈው ይጎዳሉ» የሚለውን ቃል በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ስንቱን ቤተሰብ እንደ ወሰደ የሚያስታውስ የድሬዳዋ ሰው ሲሰማው፣ ክፉ ያለው ዲያብሎስን ነው፣ መሸሸጊያ ያለው እገሌን ነው ከመባሉ በፊት አንድ ግልጽ ነገር ይሰማል፦ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ሰማዩን ይመልከት፤ አስተዳዳሪም የወንዙን ዳር ያስብ። ይህን የመጀመሪያ ትርጉም ዘልሎ ወደ ምሥጢር የሚሮጥ ሰባኪ የእግዚአብሔርን ምክር ከሕዝቡ አፍ ይነጥቃል ብዬ አምናለሁ።

አዲስ ኪዳን ራሱ የምሳሌን ቃላት እንዴት እንደሚጠቅስ ስንመለከት ይህ ይበልጥ ይገለጣል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12፥20 «ጠላትህ ቢራብ አብላው» የሚለውን ከምሳሌ 25 ወስዶ ለሮሜ ክርስቲያኖች ምክር አድርጎ ይሰጠዋል። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 «ልጄ ሆይ፥ የጌታን ቅጣት አታቅልል» የሚለውን ከምሳሌ 3 ጠቅሶ መከራ ለበዛባቸው ምእመናን ማጽናኛ ያደርገዋል። ያዕቆብና ጴጥሮስ ሁለቱም እግዚአብሔር ትዕቢተኞችን እንደሚቃወም ለትሑታንም ጸጋን እንደሚሰጥ ከዚያው ምዕራፍ ይጠቅሳሉ። ጌታም በሉቃስ 14 በሰርግ ግብዣ ላይ በከበሬታ ስፍራ አትቀመጥ ሲል በምሳሌ 25 ያለውን የንጉሥ ፊት ሥርዓት ያስታውሰናል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «በምሳሌ የተባለው ይፈጸም ዘንድ ይህ ሆነ» የሚል አገላለጽ አናገኝም፤ ማቴዎስ ያን አነጋገር በመዝሙርና በነቢያት ላይ ደጋግሞ ሲጠቀምበት በመጽሐፈ ምሳሌ ላይ አልተጠቀመበትም። ምክሩ ምክር ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ክርስቶስ የት አለ? መልሱ ያለው በተናጠል ቃላት ውስጥ ሳይሆን በሚናገረው ድምፅ ውስጥ ነው። በምሳሌ ከምዕራፍ 1 እስከ 9 ጥበብ ራሷ እንደ ሰው ቆማ ትጣራለች። በምዕራፍ 8 መጀመሪያ የቆመችበትን ቦታ ልብ በሉ፦ በመንገድ መገናኛ፣ በበሩ አጠገብ፣ በከተማይቱ መግቢያ። የሐረር ጀጎልን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በር ማለት ገበያው፣ ወሬው፣ ገቢና ወጪው የሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ በጥንት እስራኤልም ሽማግሌ ለፍርድ የሚቀመጠው በበር ነበር። ጥበብ በቤተ መቅደስ ጓዳ ተቀምጣ አትጠብቅም፤ ሰው ወደሚበዛበት ወጥታ «እናንተ ሰዎች፥ እናንተን እጠራለሁ» ትላለች። ቀጥላም ነገሥታት በእርሷ እንደሚነግሡ፣ ዓለም ሳይፈጠር በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ነበረች፣ ሰማይን ሲዘረጋ አብራው እንደ ነበረች፣ ደስታዋም በሰው ልጆች እንደ ሆነ ትናገራለች።

ይህች ድምፅ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 24 እንደ ገና ትሰማለች፤ ማደሪያ ፈልጋ በያዕቆብ እንድታድር ትታዘዛለች፤ በመጨረሻም ሲራክ ከሙሴ ሕግ ጋር ያዛምዳታል። በመጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 7 ደግሞ የዘላለም ብርሃን ነጸብራቅ ተብላ ትጠራለች። የአይሁድ መምህራን የሲራክን መንገድ ተከትለው በምሳሌ 8 የምትናገረው ኦሪት ናት አሉ። ሐዋርያት ደግሞ በዚሁ ቋንቋ ስለ ኢየሱስ ተናገሩ፦ ጳውሎስ «የእግዚአብሔር ኃይልና የእግዚአብሔር ጥበብ የሆነው ክርስቶስ» አለ፤ የዕብራውያን መልእክት የክብሩ መንጸባረቅ አለው፤ ዮሐንስ «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ብሎ ጀምሮ በእኛ እንዳደረ ነገረን። ሲራክ በመጽሐፉ መጨረሻ ሰዎች አንገታቸውን ከጥበብ ቀንበር በታች እንዲያኖሩና ዕረፍት እንዲያገኙ ይጋብዛል፤ በማቴዎስ 11 ኢየሱስ ቀንበሩን ተሸከሙ፣ ዕረፍትም ታገኛላችሁ ሲል የራሱን ቀንበር ነው የሚያቀርበው። ጥበብ የተናገረችውን የሚናገር፣ ጥበብ የጠራችውን የሚጠራ፣ እንደ እርሷም በአደባባይ የተናቀ አንድ ሰው መጣ ማለት ነው። ክርስቲያናዊው ንባብ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጽኑ ሥር ነው።

ከዚህ ሥር የወጣው ትልቁ ክርክር በምሳሌ 8፥22 ላይ የተነሣው ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር ይህን ክፍል ስለ ወልድ ጠቅሶታል። የሊዮኑ ኢሬኔዎስ ግን ጥበብን ከመንፈስ ቅዱስ ጋር አዛምዶ አነበበ፤ የጥንት አባቶች ሁሉ በአንድ መንገድ እንዳላነበቡ ይህ ያሳየናል። በአራተኛው መቶ ዘመን አርዮስና ደጋፊዎቹ በግሪኩ ንባብ «ጌታ የመንገዱ መጀመሪያ አድርጎ ፈጠረኝ» የሚለውን ይዘው ወልድ ፍጡር ነው አሉ። ጉባኤ ኒቅያ በ325 እ.ኤ.አ. ከተሰበሰበ በኋላም ክርክሩ አልቆመም። ቅዱስ አትናቴዎስ በአርዮሳውያን ላይ በጻፈው በሁለተኛው መጽሐፉ ለዚህች አንዲት ቁጥር ሰፊ ቦታ ሰጥቶ መለሰ፦ ምሳሌ ግልጹን በተሸፈነ መንገድ የሚናገር ነውና ማን እንደሚናገርና ስለ ምን እንደሚናገር መመርመር ይገባል፤ «ፈጠረኝ» የሚለው ወልድ ለእኛ መዳን ስለ ለበሰው ሥጋ የተነገረ ነው፤ «ከኮረብቶች በፊት ተወለድሁ» የሚለው ግን ቅድመ ዓለም ከአብ ስለ መወለዱ ነው። ታላቁ ባስልዮስም በበኩሉ ይህ ቃል በመጻሕፍት ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ብዙ ነገር በምሳሌ በተሸፈነበት መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱን አሳሰበ።

ይህ ክርክር ከእኛ የራቀ የግሪኮች ጉዳይ አልነበረም። ፍሬምናጦስን፣ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። የአርዮሳውያን ወገን የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ በ350ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠይቋል፤ ደብዳቤውን ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው። ዛሬም የይሖዋ ምስክሮች ያንኑ የምሳሌ ቁጥር ይዘው በየቤቱ ሲያስተምሩ የሚሰሙ ምእመናን የሚገጥማቸው ከኢዛና ቤተ መንግሥት ደጅ የደረሰው ያ የጥንቱ ጥያቄ ነው።

በትምህርቱ ከአትናቴዎስ ጋር ነኝ፤ በዚህ ጉባኤ ፊት በግልጽ እመሰክራለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንድንል እፈልጋለሁ። በዚያ ክርክር ሁለቱም ወገን ምዕራፉ በቀጥታ ስለ ወልድ የተነገረ መሆኑን ተስማምተው ነው የጀመሩት። ስለዚህ ጉልበታቸው ሁሉ ያረፈው በአንዲት ግሥ ላይ ሆነ፤ በከተማይቱ በር ቆማ አላዋቂውን ወጣት የምትጣራው ጥበብ፣ በምዕራፍ 7 በጨለማ ወጥታ ከምታጠምደው ሴት በተቃራኒ የቆመችው ጥበብ፣ ሐሰተኛ ፍርድን የምትጠላው ጥበብ ከመድረኩ ወረደች። ጥቅሱ የወልድን ባሕርይ በቀመር እንዲመልስ ተጠየቀ፤ የተጻፈው ግን ለዚያ አልነበረም። የወልድን ዘላለማዊነት የምናምነው በወንጌል ነው፤ የምሳሌ 8 ግጥምም ያንን እምነት በያዘ ልብ ሲነበብ ያበራል። ቅደም ተከተሉን ስንገለብጥ ግን ዳኝነቱን ለሰዋስው እናስረክባለን።

ወደ ሌላው ጫፍ የሄደም ሰው ነበር። በ428 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሞፕሱኤስትያው ጳጳስ ቴዎዶሮስ ሰሎሞን ምሳሌንና መክብብን ሲጽፍ የተቀበለው የማስተዋልን ጸጋ እንጂ የትንቢትን ጸጋ አይደለም ብሎ እንዳስተማረ ተመዝግቧል፤ በ553 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ በተሰበሰበው ጉባኤ እርሱና ጽሑፎቹ ሲወገዙ ይህም በክሱ ውስጥ ተካትቷል። ያንን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ጉባኤያት ጋር አትቆጥረውም፤ ቴዎዶሮስንም የንስጥሮስን ትምህርት ምንጭ አድርጋ ስለምታየው አትቀበለውም። እኔም ስለ ክርስቶስ ያስተማረውን አልቀበልም። ሆኖም በሁለቱ ጸጋዎች መካከል ያየው ልዩነት እውነትነት አለው፤ ስሕተቱ የማስተዋልን ጸጋ በክርስቶስ ላይ የተዘጋ በር ማድረጉ ነው። ማስተዋልን የሰጠው መንፈስ ትንቢትን ከሰጠው መንፈስ የተለየ አይደለም።

የሀገራችን የአንድምታ ትርጓሜ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል የሚያልፍ መንገድ ይዞ ቆይቷል፤ እኔም እንደ ትልቅ ሀብት የማየው ይህንን ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሩ ንባቡን አንብቦ በመጀመሪያ ዘይቤውን፣ ማለትም ቃሉ በቀጥታ የሚለውን፣ ያስረዳል፤ ታሪክ ካለው ታሪኩን ያመጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ እንደ ገና «አንድም» ይላል። አንድም ሲል የቀደመውን አይሽርም። ተማሪውም ሁለተኛውን ሲቀበል የመጀመሪያውን እንዲጥል አይታዘዝም። በዚህ ሥርዓት የምሳሌ ምክር ለገበሬውና ለነጋዴው ምክር ሆኖ ጸንቶ ይቆማል፤ ከዚያም በላይ ወደ ክርስቶስ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ነፍስ ይከፈታል። ከሰባኪዎቻችን አንዳንዶቹ ይህን ሥርዓት ትተው «ይህ ማለት ይህ ነው» ብለው መቁረጥ መልመዳቸው ያሳዝነኛል።

ይህን መንገድ ይዘን ቃሉ በምሳሌ 30 ወደ ተጻፈው ወደ ጠቢቡ አጉር እንግባ፤ በዚህ ከተማ ክርክር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው እርሱ ነውና። «ወደ ሰማይ የወጣ የወረደስ ማን ነው? ነፋስንስ በእጁ የጨበጠ ማን ነው? … ስሙ ማን የልጁስ ስም ማን ነው? ይህን ታውቅ እንደ ሆነ» ይላል ምሳሌ 30፥4። ብዙዎች «የልጁስ ስም» የሚለውን ነጥለው ለሙስሊም ወይም ለአይሁዳዊ ጠያቂ እንደ ማጠቃለያ መልስ ያቀርቡታል። አይሁዳዊው ተርጓሚ ራሺ ግን ወደ ሰማይ የወጣው ሙሴ እንደ ሆነ አድርጎ ያነብበዋል። አሁን ከፍ ብለን ቁጥር 2ን እናንብብ፤ አጉር ራሱን ከሰው ሁሉ ይልቅ ደንቆሮ አድርጎ ነው የሚጀምረው። ጥያቄዎቹ በኢዮብ 38 እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ከጠየቃቸው ጥያቄዎች ጋር ይዛመዳሉ፤ ዓላማቸው ሰው የሰማይን ምሥጢር በራሱ ጉልበት ወጥቶ እንዳላመጣው ማሳመን ነው። «የልጁስ ስም» ማለቱም እንዲህ ያለ ሰው ካለ ከነዘሩ አሳውቀኝ የማለት ያህል ይሰማል። በዘይቤው እንግዲህ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በዚያው በምሳሌ የለም፤ ቀጥሎ በቁጥር 5 ያለው የእግዚአብሔር ቃል የተፈተነ መሆኑን የሚናገር ምስክርነት ነው።

አንድም፦ በዮሐንስ 3፥13 ጌታ ለኒቆዲሞስ «ከሰማይም ከወረደ በቀር ወደ ሰማይ የወጣ ማንም የለም» ይለዋል። አጉር የጠየቀውን ክርስቶስ በራሱ መምጣት ይመልሰዋል። ይህ ለሚያምን ሰው ታላቅ ደስታ ነው፤ እኔም ሳነብበው ልቤ ይሞላል። ነገር ግን ለማያምን ጎረቤት የአጉርን ጥያቄ እንደ ማሸነፊያ መወርወር ከጥያቄው መንፈስ ጋር ይቃረናል፤ አላውቅም ብሎ የጀመረን ሰው ቃል አውቃለሁ ለማለት እንዴት መሣሪያ እናደርገዋለን? ከጎረቤታችን ጋር አብረን ልንጠይቀው የምንችል ጥያቄ አድርገን ብናቀርበው ይሻላል።

ስለ ምሳሌ 9 ብዙ አልናገርም፤ ጥበብ ቤቷን ሠርታ፣ ሰባት ምሰሶ አቁማ፣ ፍሪዳዋን አርዳ፣ ወይኗን አዘጋጅታ «ኑ፥ እንጀራዬን ብሉ» የምትልበትን ክፍል የካርታጎው ቆጵርያኖስ ስለ ቅዱስ ቁርባን፣ አውግስጢኖስ ደግሞ ስለ ሥጋዌና ስለ ቤተ ክርስቲያን ተርጉመውታል፤ ንባቡ በቅዳሴ ለሚኖር ሰው ግልጽ ስለ ሆነ ክርክር አያሻውም። በምሳሌ 31 ያለችውን ልባም ሴት የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አድርገው ያነበቡ አባቶችም አሉ፤ በዚያ ላይ የምጨምረው፣ ስለ እርሷ ሲሰበክ እጇ በእንዝርት ላይ፣ መዳፏም ለድሀ የተዘረጋ መሆኑ እንዳይረሳ ብቻ ነው።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ብዙም በማይጠቀሱት ሁለት ክፍሎች ላይ ነው። የመጀመሪያው መክብብ 9፥14-15 ነው። ጥቂት ሰዎች የነበሩባት ታናሽ ከተማ ነበረች፤ ታላቅ ንጉሥ ከበባት፤ «ጠቢብ ድሀ ሰውም ተገኘባት፥ ያችንም ከተማ በጥበቡ አዳናት፤ ያን ድሀ ሰው ግን ማንም አላሰበውም።» መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስ በመክብብ ትርጓሜው ይህን ድሀ ጠቢብ ስለ ክርስቶስ አንብቦታል። የመክብብ ጸሐፊ የሚናገረው ግን በዐይኑ ያየውን የዓለም አድልዎ ነው፤ ድሀ ቢያድንም አይመሰገንም። የክርስቶስ ነገር ወደዚህ ታሪክ የሚገባው ታሪኩ ስለ እርሱ አስቀድሞ ስለ ተቀመረ ሳይሆን እርሱ ራሱን ከእንደዚህ ያሉ ድሆች ጋር ስለ ቆጠረ ነው። በየከተማችን የተረሱትን ባለ ውለታዎች የማያስብ ጉባኤ ይህን ምሥጢር በትክክል ሊያነብበው አይችልም።

ሁለተኛው መጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 2 ነው። ወንጌላውያን ወንድሞቻችን መጽሐፉን በቀኖናቸው ባይቆጥሩትም ይህን ምዕራፍ እንዲያነብቡት እጋብዛቸዋለሁ። ክፉዎች ተሰብስበው ይመካከራሉ፦ ሕይወታችን አጭር ናት፤ እንብላ፣ እንጠጣ፤ ድሀውን ጻድቅ እንጨቁን፤ ኃይላችን የጽድቅ ሕግ ይሁን። ከዚያም በጻድቁ ላይ እናድባ ይላሉ፤ ሕግ ተላልፋችኋል እያለ ይወቅሰናልና፣ እግዚአብሔርንም አባቴ ይላልና፤ የእግዚአብሔር ልጅ ከሆነ ያድነዋል፤ በሚያዋርድ ሞት እንፍረድበት። በማቴዎስ 27፥43 በመስቀሉ ሥር የቆሙት «በእግዚአብሔር ታምኖአል፤ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ ብሎአልና ከወደደውስ አሁን ያድነው» ሲሉ ያንኑ ምክር የሚደግሙ ይመስላሉ። ቆጵርያኖስና አውግስጢኖስ ይህን ምዕራፍ ስለ ሕማማት በግልጽ የተነገረ ትንቢት አድርገው ጠቅሰውታል፤ ስለ ምን እንዲህ እንዳሉ ማየት አያዳግትም።

እኔ ግን የምዕራፉ ኃይል ከዚያም ይበልጣል እላለሁ። ጸሐፊው የገለጠው ክፋት በየዘመኑ እንዴት እንደሚመክር ነው፤ ጻድቁንም በስም አልጠራውም። የሚወቅሰውን ሰው የማይታገሥ ሸንጎ ሁሉ በዚያ ምዕራፍ ተስሏል፤ ክርስቶስም በዚያ ሸንጎ ፊት የቆሙትን ጻድቃን ሁሉ ቦታ ወስዶ ቆመ። ምዕራፍ 3 «የጻድቃን ነፍሳት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው» ብሎ ሲጀምር ቃሉ በብዙ ቁጥር መሆኑ ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ በሰሙነ ሕማማት ይህን ክፍል የምታስተምሩ መምህራን ሁለቱን ምዕራፎች ሳትለያዩ፣ ከምዕራፍ 1 «ጽድቅን ውደዱ» ብሎ ለምድር ገዢዎች ከተናገረው ጀምሮ እንድታስነብቡ እጠይቃለሁ፤ ምእመናን የጌታን ሕማም ሲሰሙ መጽሐፉ በመጀመሪያ የጠራቸው ፍርድ የሚሰጡትንና ሥልጣን የያዙትን መሆኑን አብረው ይሰሙ ዘንድ።